አርባ መስመር የምታስታውስ ጣሳ

«እሷ ናት እንጂ ሌላ ማን ይሆናል? በዚህ ግቢ ቀኑን ሙሉ እጁ ውሃ ውስጥ የሚውል ሰው አንድ ብቻ ነው» አሉ እትዬ ታቢታ በስልክ። ድምፃቸውን ዝቅ ማድረጋቸው ነበር፤ እትዬ ታቢታ ግን ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይሰማሉ። የወንድማቸው ልጅ ሐዳሳ፣ ሳሎኑን ከእሷ አልጋ ከሚለየው ቡናማ መጋረጃ ጀርባ፣ አንድ እግር ካልሲ እንዳጠለቀች ቀረች። «አዎ፣ ወርቅነሽ ናት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብቅ ይበሉና በእርስዎ ፊት እንጨርሰው። ዛሬውኑ ዕቃዋን ታውጣ። ጌታ ይባርክዎ ጋሼ ሽበሺ።» ስልኩ ተዘጋ፣ ሶፋው ጮኸ፣ ከዚያ እትዬ ታቢታ መዝሙር ማንጎራጎር ጀመሩ።

የጠፋው ውሃ ነበር። ተከራዮቹ አዋጥተው ያስገዙት፣ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሊትር የሚይዘው የግቢው ሮቶ ትናንት እስከ አፉ ሞልቶ ነበር ያደረው። ጠዋት ተከራይዋ ናዲያ ጀሪካኗን ብትደቅን ቧንቧው አየር ብቻ ተፋባት። ናዲያ ገበያ ላይ የልጆች ልብስ ትሸጣለች፤ በሻጭ ድምፅ «ውሃው የለም!» ስትል እንኳን ግቢው ቀበሌው ሰማ። ባጃጅ ነጂው ሰይፈሚካኤል የጥርስ ቡሩሹን በአፉ እንደያዘ ወጣ። ከሽንት ቤቱ አጠገብ ያለችውን ክፍል የተከራየችው ልብስ አጣቢዋ ወርቅነሽም ወጣች፤ ስትወጣ ግን ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ እጇን አየ። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም መናገር አላስፈለገውም፤ የቀረውን እትዬ ታቢታ በስልክ ተናገሩት።

ሐዳሳ ግን የምትጠይቀው አላት። በሮቶው መቆሚያ ላይ፣ በባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ፣ ከብስኩት የምታንስ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ተቀምጣለች። ዋጋዋ ከአንድ ኪሎ ሥጋ ብዙም አይበልጥም። ሐዳሳ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቃ ሥራ ስትጠብቅ ሁለት ዓመት ሞላት፤ ከሚጠብቅ ሰው ብዙ ነገር ይወጣል፣ ከእሷ የወጣችው ይህቺ ጣሳ ናት። ትልልቆቹ ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለውን፣ ባለሙያዎች ሼል የሚሉትን፣ ማለትም በጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ ጽፈህ መልስ የምታገኝበትን ነገር፣ አሳንሳ አሳንሳ ይህቺ ብስኩት ውስጥ አስገባችው። ጓደኞቿ «አንድ ቀይ አዝራር አይበቃም ነበር?» ብለው ስቀዋል። አዝራር ይጫኑታል እንጂ አያናግሩትም፣ ብላለች እሷ። ጣሳዋ በሞባይል ትገኛለች፤ ስምህንና የምስጢር ቃልህን ትጽፋለህ፣ ከዚያ «ክፈት ላይ» ካልካት የላይኛውን ቀጭን ቧንቧ ትከፍትልሃለች፤ ለአንድ ስም በቀን ሁለት ጀሪካን፣ ከዚያ በላይ ብትለምናትም ብትረግማትም አትሰማም። የታችኛው፣ አራት ጣት የሚያስገባው ወፍራም ቧንቧ ደግሞ ሮቶው ሲታጠብ ብቻ የሚከፈት ስለሆነ ለአንድ ስም ብቻ ተፈቅዷል።

ያ ስም መጀመሪያ ሐዳሳ ነበር። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ከስሞች ሁሉ በላይ የሆነ፣ ሁሉን የሚፈቅድና ሁሉን የሚከለክል አንድ ስም መኖሩን እትዬ ታቢታ የሰሙ ዕለት ግን ሻይ የያዘ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «በእኔ ግቢ? ከእኔ በላይ?» አሉ። በዚያው ሰዓት ሥልጣን ተላለፈ። የምስጢር ቃሉን ጀርባቸውን ሰጥተው ራሳቸው ጻፉት፤ «ከእኔና ከጌታ በቀር ማንም አያውቀውም» እያሉ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ይናገራሉ። ጣሳዋም እርስዎ የምትለው እሳቸውን ብቻ ነው፤ ይህም በጥያቄ የመጣ ነው። ለሐዳሳ የተረፈው ደረጃ «እንግዳ» የሚለው ሆነ። «ማነኝ» ብላ ስትጽፍ፣ ራሷ የሠራቻት ጣሳ «ሐዳሳ፦ እንግዳ» ትላታለች። ሁለት ቀን ሳቀችበት፤ በሦስተኛው መሳቋን ተወች። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ያስተማሯት፣ አሁንም የሚያበሏት እትዬ ታቢታ ናቸው፤ ጣሳዋ አልተሳሳተችም።

አሁን አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ «መዝገብ» ብላ ጻፈች። ጣሳዋ ማን ምን እንዳደረገ ትመዘግባለች። ከላይ ወደታች ትናንት የቀዱት፣ ናዲያ፣ ሰይፈሚካኤል፣ ወርቅነሽ፣ ከዚያ ከታች፦ «ሌሊት 10፡12። ታቢታ ታችኛውን ከፈቱ። 39 ደቂቃ።» ሐዳሳ ሦስቴ አነበበችው። ያኔ ነው በእንቅልፍ ልቧ የሰማችው የአይሱዙ ሞተር ትዝ ያላት፤ የእትዬ ታቢታ ልጅ የሔኖክ ሳልም። ሔኖክ ከከተማው ዳር፣ ቱላ ላይ ቤት እየሠራ ነው። ሁለት ሺህ ምናምን ሊትር በበርሜል ተጭኖ ሄዷል፤ ለዚህ ደግሞ አንዲት ልብስ አጣቢ ከቤቷ ልትወጣ ነው።

ስክሪኑን ፎቶ አነሳችው። መዝገቡ ራሱ ግን አይቆይም። ሰሌዳዋ ትንሽ ናት፤ አእምሮዋ ሼሉን፣ ስሞቹንና ፈቃዶቹን ከያዘ በኋላ ለመዝገብ የተረፈው ቦታ አርባ መስመር ብቻ ነው። አርባ አንደኛው ሲገባ የመጀመሪያው ይወድቃል። ሐዳሳ መምህሮቿ እንዳስተማሯት ጠንቃቃ ሆና፣ መዝገቡን ማየትንም እንደ አንድ ድርጊት እንዲመዘገብ አድርጋዋለች። ስለዚህ ባየችው ቁጥር አንድ መስመር ይረሳል። ኤሌክትሪክ ብትነቅልም ሁሉም ይጠፋል። በአዘቦት ቀን ከሃያ መስመር በላይ አይገባም፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይቆያል፣ አለች ለራሷ፤ ካልተነካካ።

ቁርስ ዳቦና ሻይ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ከሰው ይልቅ ሶፋ ይበዛል፤ ሁሉም በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኗል፣ ግድግዳው ላይ «እኔና ቤቴ ግን እግዚአብሔርን እናመልካለን» የሚል በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። አክስትና የወንድም ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው ዳቦ አላመጡ። ሐዳሳ እሳቸው ራሳቸው እንዲናገሩ ጠበቀች። እንዲህ ያለ ነገር በእነሱ ቤት በቀጥታ አይነገርም፤ ስኳር አቀብዪኝ ተብሎ፣ ዳቦው ደረቀ ተብሎ፣ በዚያ መካከል ይገባል። ስኳር አቀበለች። ዳቦውም ደረቀ ተባለ። አልገባም።

«እትዬ፣ ጣሳዋ ውስጥ እኮ ይኖራል፣ ማን እንደቀዳ» አለች መጨረሻ ላይ፣ ሻይዋን እያየች።

«አርባ ነገር ብቻ ነው የምታስታውሰው አላልሽኝም ነበር?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው» አሉ እትዬ ታቢታ፣ ፍርፋሪ ከጉልበታቸው እያራገፉ፤ እንግዲያው ምን እንደሆነ ግን አልጨረሱትም።

ግቢው ውስጥ ወርቅነሽ በሁለት ሳፋ በሳሙና የተነከረ የሰው ልብስ ከፊቷ አድርጋ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የሚያለቀልቅ ውሃ የለም። አረፋው እየሞተ፣ የአንድ የባንክ ሠራተኛ ነጭ ሸሚዝ በራሱ ቆሻሻ ውስጥ እየተኛ ነው። «ሐዱ፣ ሰማሽ? ሁለት ሺህ ሊትር ሰርቀሻል አሉኝ እኮ» አለች፣ የምትስቅም የምትናደድም መስላ። «የት አባቴ ደበቅኩት? ፍራሼ ሥር? ብሰርቅማ ይሄ ልብስ እንዲህ ሳሙና ጠጥቶ ያድር ነበር? ስድስት ዓመቴ ነው እዚህ። በዚህ ኪራይ አሁን የዶሮ ቤትም አይገኝም። ደግሞ ደንበኞቼ ሁሉ ከዚህ ሰፈር ናቸው፤ ውሃ ሌባ ተብዬ ከወጣሁ ሸሚዙን ማን ያምነኛል?» ሐዳሳ «ይጣራል ወርቄ» አለችና፣ መጫሚያዋን ሳታስር ከበሩ ወጣች።

ጋሼ ሽበሺ የእድሩ ሰብሳቢና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ መሃል ከተማ ደግሞ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አላቸው። ሐዳሳ ባጃጅ ውስጥ ከሁለት ሴቶችና ከአንድ ከረጢት ድንች ጋር ተጣብቃ ስትሄድ እግሯ አላርፍ ብሎ ከረጢቱን ሲመታ ነበር። «እህት፣ ድንቹ ምን አደረገሽ?» አለቻት አንዷ። ሾፌሩ ታሪፍ ላይ አምስት ብር ጨመረ፤ ሁሉም አጉረመረመ፣ ሁሉም ከፈለ። መደብሩ ውስጥ ጋሼ ሽበሺ ከምስማር ሳጥኖች ጀርባ ተቀምጠው፣ ከአንድ ደንበኛ ጋር ስለ ሲሚንቶ ዋጋ እያዘኑ ነበር፤ የሚያዝኑት ራሳቸው በጨመሩት ዋጋ ነው። ሐዳሳ ተራዋን ጠብቃ ስልኳን ዘረጋችላቸው።

«ጋሼ፣ ይህን ይዩልኝ። ከጣሳዋ ነው።»

አላዩትም። እጃቸውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ አነሱ። «ልጄ፣ ከፎቶ ምስክር አልቀበልም። አምና በቴሌግራም ቢራ ጨብጬ የሚያሳይ ፎቶዬ ሲዞር አላየሽም? በዕድሜዬ ቢራ ነክቼ አላውቅም! ፎቶው ላይ ግን አረፋው ጢሜ ላይ ነበር። ሦስት ሳምንት ከመድረክ አግደውኛል። ጣሳዋ የምትለው ካለ ራሷ በሰው ፊት ትናገር። አሥራ አንድ ሰዓት እመጣለሁ።»

«ቀደም ብለው ቢመጡስ? እስከዚያ ሊጠፋ ይችላል።»

«እውነት የት ይጠፋል?» አሉ ጋሼ ሽበሺ። እሷም አርባ መስመር ብቻ ያለው ቦታ ላይ ይጠፋል ልትላቸው ፈለገች፤ ግን ደንበኛ ገባ። ስትወጣ ከኋላዋ «ለሔኖክ ሰላም በይልኝ፣ ትናንት ሠላሳ ከረጢት ሲሚንቶ ወስዶ ሂሳቡን ጥንቅቅ አድርጎ ከፍሏል፣ የተባረከ ልጅ!» አሉ።

ሰባት ሰዓት ላይ ስትመለስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ያለ ተራው ቀን የከተማው ውሃ መጥቶ ሮቶው ግማሽ ደርሷል። ከበሩ እስከ አስፋልቱ ደግሞ የጀሪካን ሰልፍ አለ፤ ቢጫ፣ ነጭ፣ ክዳኑ የጠፋ፣ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ፤ ግማሹን ሰፈር ሐዳሳ በዓይኗ አታውቀውም። እትዬ ታቢታ በፕላስቲክ ወንበር ሮቶው ሥር ተቀምጠው፣ ስልካቸውን በሁለት እጅ ይዘው ነበር። «ኑ፣ ቅዱ! ጌታ የሰጠውን ማን ይከለክላል! ዛሬ የሰፈሩ ነው!» ይላሉ። በስድስት ዓመት ለጎረቤት አንድ ኩባያ ውሃ ሲሰጡ ያላየችው ናዲያ፣ ገበያ መሄዱን ትታ በሯ ላይ ቆማ «ምን ነካቸው?» ብላ ሐዳሳን በክርን ነካቻት። ሴቶቹ ይመርቃሉ፦ «እንዲህ ነው እናት! ዕድሜ ይስጥዎ!» እትዬ ታቢታ አሜን ይላሉ፣ «ክፈት ታች» ብለው ይጽፋሉ፣ አንድ ጀሪካን ይሞላል፣ ይዘጋሉ። እንደገና ይጽፋሉ፣ አንድ ጀሪካን፣ ይዘጋሉ።

«እትዬ፣ ክፍት አድርገው ቢተዉትስ? እየደከሙ ነው» አለች ሐዳሳ።

«ውሃ እንዳይባክን ብዬ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። ቀኝ እጃቸው ወደ ጭናቸው ወረደ። ቀሚሳቸው ላይ ትንሽ የበቆሎ ክምር አለ፤ ከእያንዳንዱ ጀሪካን በኋላ አንድ ፍሬ ከጭናቸው ወደ ሹራባቸው ኪስ ትገባለች። ሐዳሳ የቀረውን በዓይኗ ቆጠረች። ዘጠኝ ፍሬ። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ስልክ ላይ ስማቸውን ለመጻፍ አንድ ወር የፈጀባቸው ሴት፣ ጣሳዋ እንዴት እንደምትረሳ ግን ከሠሪዋ በላይ ገብቷቸዋል። ስምንት ፍሬ። ሽቦውን መንቀል ትችላለች፤ መዝገቡ አብሮ ይሄዳል። መጮህ ትችላለች፤ ጀሪካኑ የሞላለት ሠላሳ ሰው ይፈርድባታል። ወርቅነሽም ሰልፉ ውስጥ ነበረች፤ ተራዋ ሲደርስ እትዬ ታቢታ ለእሷም ቀዱላት፣ እንዲያውም ፈገግ ብለው። ሰባት። ሐዳሳ መጋረጃዋ ጀርባ ገብታ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ አልጋዋን አነጠፈች፣ የተነጠፈውን አፍርሳ እንደገና አነጠፈች። የበቆሎው ፍሬ ሲያልቅ ከደጅ አወቀችው፤ ሰልፉ ገና እያለ «በቃ፣ ለዛሬ ይብቃ!» የሚል ድምፅ መጣ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋሼ ሽበሺ በኮትና በክራቫት መጡ። አግዳሚ ወንበር ወጣላቸው። ወርቅነሽ በመጨረሻ ያለቀለቀችውን ሸሚዝ ገመድ ላይ እንዳንጠለጠለች በእርጥብ እጇ መጥታ ቆመች፤ ሰይፈሚካኤልና ናዲያ በየበራቸው። መጀመሪያ ጸሎት ተደረገ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው እትዬ ታቢታ ስልካቸውን ለጋሼ ሽበሺ አቀበሉ። «ልጄ የሠራችው ማሽን አለ። እሱ ይናገር፤ እኔ ከምናገር።» ሐዳሳን አላዩዋትም። ጋሼ ሽበሺ መነፅራቸውን አድርገው መዝገቡን በመድረክ ድምፅ ማንበብ ጀመሩ፦ «ታቢታ ታችኛውን ከፈቱ። ታቢታ ታችኛውን ከፈቱ። ታቢታ…» አሥራ አምስተኛው ላይ ሰይፈሚካኤል ሳቀ፤ ሃያ ላይ ጋሼ ሽበሺ ራሳቸው ደከሙ፤ የቀረውን በጣታቸው ገፍተው ጨረሱት። ስለ ሌሊቱ አንድም ቃል የለም።

«ይኸው» አሉ እትዬ ታቢታ። «የዛሬ ቸርነት ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ነገሩን በሰው ዓይን እንየው። ውሃ የሚበዛበት ሥራ የማን ነው?»

ወርቅነሽ ወደ መሬት አየች። ሐዳሳ ወደ አግዳሚው ቀረበች። «መዝገቡ ይቅር፣ ጋሼ» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ይፍቀዱልኝ። በላይኛው ቧንቧ አንድ ስም በቀን ከሁለት ጀሪካን በላይ አይቀዳም። ሁለት ሺህ ሊትር በሌሊት የሚወጣው በታችኛው ብቻ ነው። ወርቄ፣ እስቲ ታችኛውን ክፈቺው።»

«እኔ? እኔ እኮ ሞክሬ አላውቅም።»

«ሞክሪው።»

ወርቅነሽ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ስክሪኑ ጥግ የተሰነጠቀ ስልኳን አወጣች፣ በነጣ ጣቷ አንድ በአንድ ጻፈችና ለጋሼ ሽበሺ ሰጠቻቸው። አነበቡት፦ «ወርቅነሽ፣ ለዚህ ፈቃድ የለሽም።» ናዲያ ሳትጠየቅ ሞከረች፦ «ፈቃድ የለሽም።» ሰይፈሚካኤል፦ «ፈቃድ የለህም።» ሐዳሳ ራሷ ሞከረች፤ ጣሳዋ ለእሷ ጨመር አድርጋ «እንግዳ ነሽ። ፈቃድ የለሽም» አለቻት። ጋሼ ሽበሺ የአራቱንም ስልክ በጉልበታቸው ላይ ደረደሩ።

«እንግዲህ በእርስዎ ስም ብቻ ነው» አሉ፣ ቀስ ብለው። «የምስጢር ቃልዎን ሌላ የሚያውቅ አለ? አንዱ ሰምቶ በስምዎ ገብቶ ይሆናል።»

የማምለጫ በር ተከፍቶላቸው ነበር። እትዬ ታቢታ አፋቸውን ከፈቱ፤ ናዲያ ግን ቀደመቻቸው። «ከእኔና ከጌታ በቀር ማንም አያውቀውም ይሉን የለ? ሁልጊዜ!» አለች። ሰይፈሚካኤል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ጌታን እንኳ እንደማንጠረጥር ግልጽ ነው» አሉ ጋሼ ሽበሺ። ከዚያ በሕይወታቸው ዘግይቶ የደረሰ ሐሳብ ፊታቸው ላይ ታየ። «ሔኖክ… የቤቱ ሶሌታ ኮንክሪት የሚሞላው ዛሬ ነው፣ አይደል? ሲሚንቶውን ሲወስድ ውሃስ ብዬው ነበር። ውሃው አለ፣ ጋሼ፣ አለኝ።»

ከሮቶው ጠብታ ሲወድቅ ይሰማል። እትዬ ታቢታ የሹራባቸውን ኪስ በእጃቸው ጨብጠው ያዙ። «በገዛ ግቢዬ ነው» አሉ መጨረሻ ላይ፤ ለማንም አልተናገሩትም። ጋሼ ሽበሺም ከዚያ በላይ አልጠየቁም፤ በትልልቅ ሰዎች መካከል ከዚህ በላይ መጠየቅ ነውር ነው። ወርቅነሽ እንደምትቀመጥ፣ ስሟን በክፉ የጠራ ሁሉ መልሶ እንዲያጸዳው፣ ይህንንም እሳቸው እድሩ ላይ እንደሚናገሩ ገለጹ፤ ከዚያ «በጸሎት እንዝጋ» ብለው ተነሱ። ረጅም ጸሎት ነበር። ስለ ዝናብ፣ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ከተማዋ ውሃ፣ ውሃ ለሚሰጡ እጆች ሁሉ አመሰገኑ፤ ስለ ተወሰደው ውሃ ብቻ አልጸለዩም። ሐዳሳ መካከል ላይ ዓይኗን ገለጠች። እትዬ ታቢታም ገልጠው እሷን እያዩ ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ሰው ተበተነ። እትዬ ታቢታ ሳሎን ገቡ፣ በሩንም አልዘጉትም፣ አልከፈቱትም፤ ገርበብ አድርገው ተዉት። ሐዳሳ የባጃጁ አቧራ አሁንም ፊቷ ላይ ነበር። ጆጎ ይዛ ወደ ሮቶው ሄደችና ስልኳን አውጥታ ስሟን ጻፈች። ጣሳዋ ትንሽ አሰበች። «ሐዳሳ የሚባል ስም የለም።» ፊደል የሳተች መስሏት እንደገና ጻፈችው። የለም።

ወርቅነሽ ቀድማ ያሰጣችውን ደረቅ ሸሚዝ ከገመድ እያወረደች ነበር። የራሷን ስልክ አውጥታ መዝገቡን ከፍታ ሰጠቻት። የመጨረሻው መስመር፦ «11፡54። ታቢታ ሐዳሳን ሰረዙ።» ባለፈው ዓመት አንድ ተከራይ ሲወጣ ሐዳሳ ስም እንዴት እንደሚሰረዝ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አሳይታቸዋለች። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ከባድ ትእዛዝ በኖረ ቁጥር የሚጽፍላቸው የእሷ እጅ ነበር። አሁን ብቻቸውን ጽፈውታል። አንድ ፊደል አልሳቱም። ሐዳሳ ሳቅ መጣባት፤ ከሳቁ ጋር የመጣውን ሌላውን ነገር ዋጠችው። ሌላ አርባ መስመር ሲገባ ይህም ይወድቃል፤ ሁለት ቀን ቢሆን ነው። የተሰረዘ ስም ግን በዚያ አይመለስም፤ የሚመልሰው አንድ ስም ብቻ ነው።

«ምን አለችሽ?» አለች ወርቅነሽ፣ ስልኳን መልሳ እየተቀበለች፤ አነበበችው። ወደ ገርበብ ያለው በር አየች፣ ወደ ሐዳሳ አቧራማ ፊት አየች። ከዚያ ሸሚዙን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ በነጣ ጣቷ ቀስ ብላ «ክፈት ላይ» ብላ ጻፈች።

«አምጪ ጆጎሽን» አለች። «ዛሬ የቀረኝ አንድ ጀሪካን ነው። በእኔ ስም ቅጂ።»